የአጎቴ ዋዝ የተነሳች ቀን

አጎቴ ሰይድ ከሳዑዲ ተመልሶ የገዛትን አሮጌ ዋዝ፣ ያቺን የወታደር ጂፕ፣ ስንት ጊዜ ጠግኗት አልነሳ አለችው። ሚስቱ ሰልችቷት "ዛሬ ካልተነሳች ለቁራሌ ትሄዳለች" አለች። ቁራሌው ራሱ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። "ዶሮ ብታሰፍሩባት ይሻላችሁ ነበር!" እያለ ይስቃል።

ዋዟን ሊመርቁ የተጠሩት ሼህ ይመር መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ እኛ አሚን እንላለን፤ አጎቴ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ዝም። ባትሪው እየደከመ ሄደ። በመኪናዋ መስኮት ሳይ፣ ወለሉ ላይ ያለችው የቤንዚን መክፈቻ ወደ ቀኝ ዞራለች። ዋዝ ደግሞ ሁለት ታንከር አላት፤ ጠዋት የሞላነው የግራውን ብቻ ነው! እኔ እንኳን ዱዓ መሀል ላወራ፣ እንግዳ ፊት ውሃ መጠየቅ የማፍር ነኝ። ግን አመለጠኝ። "አጎቴ! መክፈቻዋን ወደ ግራ አዙራት!" ሁሉም አየኝ፤ ሼሁም መዳፋቸውን እንደዘረጉ ወደ እኔ ዞሩ። ጆሮዬ ጋለ። አጎቴ አዙሮ ሞከረ፤ ሞተሩ ሳለ፣ ሳለና አገሳ! ከሁሉ በፊት እልል ያለችው ሚስቱ ናት።

"ይቅርታ አባባ፣ ዱዓውን አቋረጥኩብዎ" አልኩ። ሼሁ ጋቢያቸውን ሰብስበው ፊት ወንበር ላይ ወጡ። "የቀረውን መንገድ ላይ እጨርሰዋለሁ። ነይ ግቢ፣ አሚን የሚል ሰው ያስፈልገኛል!" ከተማችንን መካነ ሰላምን ሙሉ ዞርናት፤ እኔም ከኋላ ሆኜ እየጮህኩ አሚን አልኩ።