የአለቃ ቸኮል አውራ ጣት

በ፲፱፻፳፫ ዓ.ም. አንድ ረቡዕ ጠዋት ከጃጁራ ወደ ሆሳዕና ስመለስ አለቃ ቸኮልን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የአገሩን አቤቱታ ሁሉ የምትጽፈውን ቀኝ እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። አውራ ጣታቸው መግል ቋጥሮ እስከ አንጓው ጠቁሯል። አይቼ አዘንኩ፤ ያቺ ጣት ከሄደች እንጀራቸውም አብሮ መሄዱ ነው።

ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። ሐኪሙ ሳያደነዝዝ በጥቶ መግሉን ሊያወጣ ቢሞክር ሕመሙ አላስችል አላቸው። ማደንዘዣውን ደግሞ «ደሜ አይወደውም» ብለው እንቢ አሉ። አዲስ አበባ ጥርሳቸውን ሊነቅሉ በዚሁ መርፌ ሲወጓቸው ከወንበር ወድቀዋልና። እየጎተትኩ ወደ ብሩ ወሰድኳቸው። ብሩ የእኅቴ ልጅ ነው፤ ሕክምና ተምሮ እዚያው ሐኪም ቤት ይሠራል።

«አለቃ፣ የወደቁ ዕለት ምን በልተው ነበር?» አላቸው።

«የነነዌ ሦስተኛው ቀን ነበር፤ ምን እበላለሁ?»

«ለጥርስ ሐኪሙስ ነግረውት ነበር?»

«ጾም ይወራል እንዴ፣ ልጄ?»

ብሩ አልሳቀባቸውም። መድኃኒቱ በእውነት የማይስማማው ሰው እንዳለ፣ እንዲህ ያለው ሰው ገላው እንደሚያሳክከው፣ ፊቱ እንደሚያብጥ፣ ትንፋሽም እንደሚያጥረው ነገራቸው። ረሃብና ፍርሃትም ግን ሰው ይጥላሉ። ስለዚህ «እንፈትንዎት» አለ።

«ከፈተና አድነኝ እያልኩ የምጸልይ ሰው ልፈተን?»

«ጾምዎን አልነካም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በልተው ይምጡ።»

ቆጮ በጎመን በልተው ተመለሱ። ብሩ ግራ ክንዳቸውን በቀጭን መርፌ ጥቂት ወጋ አደረገው። አለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ላብ አጠመቃቸው።

«ይኸው፣ ራሴን አዞረኝ። ደሜ አይወደውም ብዬ ነበር።»

«አለቃ፣ ይህ የጨው ውኃ ነው። መድኃኒቱን ገና አልነካሁትም።»

አለቃ ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ። «ለካ ራሴን የጣልኩት እኔው ነኝ» አሉና ክንዳቸውን መልሰው ሰጡት።

አሁን ከመድኃኒቱ ጥቂት፣ የጨው ውኃው ከተወጋበት ራቅ አድርጎ ከቆዳቸው ሥር አስገባ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ቢያብጥ ወይም ቢቀላ ኖሮ ብሩ ያን መድኃኒት ባልደፈረ ነበር። ምንም አልሆነም። ትንሽ ጨመረ፤ አሁንም ጠበቀ። በመጨረሻ ጣቱን አደንዝዞ መግሉን ሲያወጣ፣ አለቃ ስለ ጃጁራ የእህል ዋጋ ይጠይቁኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሐኪም ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ጽሕፈቱ ጥቂት ይንቀጠቀጣል፤ የፊደሉ አጣጣል ግን የአለቃ ነው። እንዲህ ይላል፦ «መርፌ ጥሎኛል የምትል ሁሉ፣ ለሐኪሙ ንገርና ይፈትንህ። ጾመህ እንደ ነበርም አትደብቅ። እኔ ጾሜን ደብቄ፣ ይህን የምጽፍበትን ጣት ላጣ ነበር።»