ካቴናው የበላው ፕላስቲክ

በኛ ጊዜ ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ የወጣለት ሰው ሻንጣውን ራሱ ነበር የሚያስረው። ዛሬ ይኸው ክፍሌን ሞልታችሁ፣ አንዱ ሚዛን ይዞ፣ አንዱ «ጋሽ ይማም፣ ኪሎው አለፈ» እያለ፣ አንቺ ዘይነባ ደግሞ እጅሽን ከተትሽና ያንን ጥቁር ፕላስቲክ አውጥተሽ ከቆሻሻው ጋር ወረወርሽው። አላየኝም ብለሽ ነው? አይቼሻለሁ። አምጪው። አምጪውና ተቀመጡ፣ ሚዛኑንም አስቀምጡት፣ ልንገራችሁ።

እኔ እዚህ ሳዑዲ፣ ኾባር፣ አንድ ቤት ነው ሹፌር ሆኜ ያረጀሁት፣ ታውቃላችሁ። ስገባ ጢሜ ጥቁር ነበር። ታዲያ ያኔ ፈይሰል የሚባል አንድ ልጃቸው ገና ትምህርት ቤት መጀመሩ ነው፣ እና ጧት አደርሰዋለሁ፣ ቀትር ላይ አመጣዋለሁ፣ ቦርሳውን እኔ እሸከምለታለሁ፣ «ያ ዐሚ ይማም» ይለኛል፣ አጎቴ ማለቱ ነው፣ እና ኋላ መቀመጫ ላይ ተቀመጥ ስለው አሻፈረኝ ይላል፣ «እኔም ሹፌር ነኝ» ብሎ ጋቢና ይገባል። የኔው ልጅ ስዒድ ደግሞ ያኔ ወሎ እናቱ ጋ ነው። በዕድሜ እኩያሞች ናቸው። የሱን ቦርሳ ማን እንደሚሸከምለት አላውቅም። ይሄን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ ነገሩ እንደዚያ ስለነበር ነው።

ታዲያ ፈይሰል አደገ፣ መንዳትም እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ ባሕሩ ዳር ባለው ባዶ ሜዳ ላይ፣ እና ዳህራን ሥራ ሲይዝ ምን ገዛ መሰላችሁ? አሮጌ መኪና። አዲስ መግዛት እየቻለ። ሁለት በር ያላት፣ መሬት የምትልስ፣ ሰማያዊ የስፖርት መኪና። እናቱ፣ ማዳም፣ ወጥታ አየችና «ይሄን ከየት አነሳኸው?» አለችው። እሱ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ።

ይቺ መኪና ጧት ስትነሳ ድምፅ ነበራት። ሞተሩ ውስጥ ካቴና አለ፣ እንደ ብስክሌት ሰንሰለት ያለ፣ እነሱ ጀንዚር ይሉታል፣ ያንን ወጥሮ የሚይዘውን ደግሞ ሸዳድ ይሉታል፣ ካቴናው ተደግፎ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክም አለ። ሸዳዱ ሲደክምና ፕላስቲኩ ሲበላ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ ዘይቱ እስኪደርሰው ድረስ ካቴናው ይላላል፣ ከር-ር-ር-ር ይላል፣ ከዚያ ዝም። ታዲያ ማዳም ፎቅ ላይ ሆና ያንን ከር-ር-ር ስትሰማ መስኮቱን ትከፍትና «ፊ አማኒላህ ያ ወለዲ» ትላለች፣ አላህ ይጠብቅህ ልጄ ማለቷ ነው፣ እሱም ጡሩንባ ነካ አድርጎላት ይሄዳል። በየጧቱ ነው ታዲያ። ሳይለያዩ የሚሰነባበቱት እንደዚያ ነበር።

እና ታመመ። የደም በሽታ ነው አሉ። ደማም ሆስፒታል የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፣ አቅሙ አልቆ እንኳ «ኋላ ጋደም በል» ስለው «አይ ዐሚ፣ እኔም ሹፌር ነኝ» ይለኛል፣ ያችኑ የልጅነቱን። ሞተ። አላህ ይርሐመው። ሲቀብሩት ከወንዶቹ ጋር አፈር አልብሻለሁ፣ እና ወደ ቤት ስመለስ ያቺ መኪና በሩ ላይ ቆማለች። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ማየት ጠላሁ።

ባባም፣ የፈይሰል አባት፣ ቀደም ብሎ ሞቷል፣ ማዳም ብቻዋን ቀረች። ታዲያ አንድ ቀን ጠራችኝና «ይማም፣ ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በፊት መኪናዋን አስነሳት» አለችኝ። እኔ ባትሪው እንዳይሞት መሰለኝ። ቁልፉን ሳዞር ከር-ር-ር አለች፣ እና ከላይ መስኮቱ ተከፈተ፣ «ፊ አማኒላህ ያ ወለዲ» ስትል ሰማኋት። ያኔ ገባኝ። ጡሩንባውን ልንካላት አልንካላት እያልኩ እጄ መሪው ላይ ቀረ። አልነካሁም፣ እሱ የሱ ነው። እንደዚያ እያደረግን ኖርን፣ ጁምዓ መጣ ጁምዓ ሄደ።

ታዲያላችሁ ድምፁ እየረዘመ መጣ። ዝም የሚለው ዝም አልል አለ። ደማም ሰናዒያ፣ ጋራዦቹ ሰፈር፣ ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ መካኒክ ወዳጅ አለኝ፣ ወሰድኳት። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ አዳመጠ፣ አዳመጠና «ሻይ ጠጣ» አለኝ። ዑስማን ክፉ ነገር ሊነግርህ ሲል ሻይ ጠጣ ነው የሚልህ።

«ሸዳዱ ኸላስ፣ አልቋል» አለኝ። «ካቴናው አንድ ቀን ከጥርሱ ይዘላል፣ ከዘለለ ውስጡ እርስ በርሱ ይማታል፣ ሞተር የሚባል ማፊ፣ አይኖርም። መቀየር አለበት።»

«ሲቀየር ድምፁስ?» አልኩት።

«ድምፁ? ይጠፋላ! ለሱ አይደል እንዴ የምንቀይረው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ተመልሼ ለማዳም ነገርኳት። «ካልተቀየረ ሞተሩ ይሰበራል፣ ከተቀየረ ደግሞ ያ ድምፅ አይኖርም።» «እንግዲያው አታስነሳት» አለችኝ። እና የጁምዓው ነገር ቀረ። መስኮቱም ተዘጋ። ማዳም ምግብ ተወች፣ ከሰው ጋር ማውራት ተወች፣ ወላሂ ሁለተኛ የቀበርነው ያህል ነው የከበደኝ።

ታዲያ አንድ ቀን አቧራ ልጥረግላት ብዬ፣ የኋላውን ከፍቼ የትርፍ ጎማውን ምንጣፍ ሳነሳ ካርቶን አገኘሁ። ያልተከፈተ። ላዩ ላይ የዕቃው ሥዕል አለ። አዲስ ሸዳድና አዲስ ፕላስቲኮች ናቸው። ፈይሰል ሳይታመም ገዝቶ ያስቀመጠው ነው። እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ልደብቀው? ልንገራት? ኋላ ይዤላት ገባሁ።

ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። «ሊያስቀይረው ነበር?»

«አዎ ማዳም።»

«ይማም፣ ልጄ ኒያ ያደረገውን፣ በልቡ ያሰበውን፣ እኔ ነኝ የምከለክለው?» አለችኝ። «ውሰዳት። ሐሳቡን ሙላለት።»

ዑስማን ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የሞተሩን ፊት አወረደ፣ ምንም ነገር እንዳይዞር አሰረ፣ አሮጌውን ሸዳድ ሲያወጣው በጣቱ ተጫነው፣ ገባ፣ ተመልሶ አልወጣም። ፕላስቲኮቹ በሙሉ ተበልተዋል። ካርቶኑን ሲከፍት «ቢስሚላህ» አለ፣ የማን እንደሆነ ነግሬዋለሁ። አዲሱን ገጠመ፣ ሞተሩን መጀመሪያ በእጁ በመፍቻ አዞረው፣ ካቴናው ቦታውን መያዙን አየ፣ ከዚያ «አስነሳ» አለኝ። ተነሳች። ድምፅ የለም። ዑስማን «ማሻአላህ» ብሎ እጁን ጠረገ። እኔ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። እዚያ ሰናዒያ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ መዶሻ መሀል ማን ይሰማሃል።

ሰናዒያ ውስጥ ደንብ አለ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በአዲሱ ካርቶን ከተው ለባለቤቱ ይመልሳሉ፣ በእውነት መቀየሩን በዓይኑ እንዲያይ። ዑስማንም ሰጠኝ፣ ይዤ መጣሁ።

ጁምዓ ሆነ። ቁልፉን አዞርኩ። ማዳም መስኮቱ ላይ ቆማለች፣ ትጠብቃለች። ትጠብቃለች።

«አስነሳት እንጂ ይማም» አለችኝ።

«ተነስታለች ማዳም» አልኳት።

ወረደች። መጥታ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች፣ ንዝረቱን ስታገኘው ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ምን ላድርግ፣ ካርቶኑን ሰጠኋት። ከፈተችና ይሄን አወጣች፣ ይሄንኑ። እዩት፣ መሀሉ ላይ የተቦረቦረ መንገድ አለ፣ ጣታችሁን ብትሰዱበት ይገባል። እሷም ጣቷን ሰደደችበት።

«ይሄን ምን በላው?»

«ካቴናው ነው ማዳም። ፈይሰል በነዳ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየበላው ነው። ከቤት ዳህራን፣ ከዳህራን ቤት።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ ጣቷን እዚያው እንዳደረገች። ስታለቅስ ቆየች፣ እኔም ቆምኩ። ከዚያ ከካርቶኑ ውስጥ አንዱን ለራሷ አስቀረች፣ ይሄኛውን ለኔ ዘረጋችልኝ። «መንዳት ያስተማርከው አንተ ነህ» አለችኝ።

ታዲያ ነገሩ ይሄው ነው። የኔ ስዒድ አሁን ወልዷል፣ ኤርፖርት እቀበልሃለሁ ብሎኛል። ለእረፍት ስሄድ እንግዳ ነበርኩ፣ እንደ እንግዳ ነው ዶሮ ያረደልኝ። ማዳም የልጇን መኪና ከፎቅ ላይ ሆና ትለያለች፣ እኔ ልጄ በሩን ሲያንኳኳ እሱ ይሁን ጎረቤት አልለየውም። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። የት ነበርክ ቢለኝ ምን አሳየዋለሁ? ሻንጣው ውስጥ የከተትነውን ብርድ ልብስ? ይሄን አሳየዋለሁ። እዚህ ላይ ነበርኩ ልጄ፣ የሌላ ሰው ልጅ ላይ አልቄ ነው የመጣሁት እለዋለሁ። ከሰማኝ ሰማኝ፣ ካልሰማኝም እውነቱን ነው።

ዘይነባ፦ «እንግዲያው ብርድ ልብሱ ይውጣ፣ ጋሽ ይማም። እሱን ደግሞ ወዲህ ይስጡኝ፣ እንዳይሰበር በሸሚዝዎ ልጠቅልለው።»