የአራተኛው ፎቅ ደረጃ

(አዳማ፤ ከቀትር በኋላ። በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደ አራተኛው በሚያወጣው ደረጃ ሥር። ባሏ ደጀኔ ከሞተ ሰባት ወር የሆናት ይርገዱ፣ ከባሏ ታናሽ ወንድም ከልሳነወርቅ ጋር።)

ይርገዱ፦ የእብድ ሐኪም ዘንድ አልሄድም አልኩህ እኮ! የታመመው ጉልበቴ እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም።

ልሳነወርቅ፦ እትዬ፣ ጉልበትሽማ ራጅ ተነሳ። የአጥንት ሐኪሙ ምን አለ? «ጤነኛ ነው» አለ።

ይርገዱ፦ ጤነኛ ከሆነ ለምን አያወጣኝም?

ልሳነወርቅ፦ ገበያ ደርሰሽ ትመለሻለሽ። ከምድር እስከዚህ ሳታርፊ ትወጫለሽ። ቤትሽ ልትገቢ ይቺ አንድ ፎቅ ስትቀር ብቻ ይከዳሻል። ይኼ የአጥንት ጠባይ ነው?

ይርገዱ፦ እርጅና ነው።

ልሳነወርቅ፦ እርጅና ፎቅ አይመርጥማ!

ይርገዱ፦ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ አስካለ ቤት መኖሬ አሳፈረህ? እሷ እንደሆነች አልሰለቸችኝም።

ልሳነወርቅ፦ እሷ ናት የደወለችልኝ። «ጉርሻዋን ይዛ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች» አለችኝ።

ይርገዱ፦ ወሬኛ!

ልሳነወርቅ፦ ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? ልብ ካልወጣም እግር አይወጣም። በይ ክንዴን ያዢ፤ አንድ...

ይርገዱ፦ ተው ልሳነወርቅ።

ልሳነወርቅ፦ ሁለት... እትዬ! ምነው ወደ ላይ አንጋጠጥሽ?

ይርገዱ፦ አይሰማህም?

ልሳነወርቅ፦ ምኑ?

ይርገዱ፦ ከዘራው። ወለሉን ይመታል።

ልሳነወርቅ፦ ቤቱ ዝግ ነው፤ ማንም የለም።

ይርገዱ፦ ያኔ ሲሞትም ዝግ ነበር። እኔ ነኝ የቆለፍኩበት።

ልሳነወርቅ፦ ገበያ ነበርኩ አላልሽንም?

ይርገዱ፦ አልነበርኩም። አስካለ ሥራ ስትሄድ ቁልፏን ትታልኝ፣ እዚሁ ከሱ ሥር ተቀምጬ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ምን እያልሽ ነው?

ይርገዱ፦ ግማሽ አካሉ ከሰነፈ ወዲህ በከዘራው ነበር የሚጠራኝ። ለውኃ ይመታል፣ ለትራስ ይመታል፣ ለዝንብ ይመታል። የዚያን ቀን ሾርባውን ፊቴ ላይ ደፋብኝ። ቆልፌበት ወረድኩ። ሲመታ ሰማሁ። «ይምታ» አልኩ። አጠበቀው። ቆይቶ አንዴ ብቻ መታና ዝም አለ።

ልሳነወርቅ፦ እትዬ...

ይርገዱ፦ ደስ አለኝ እኮ! «ተመስገን፣ ተኛልኝ» ብዬ እግሬን ዘርግቼ አረፍኩ። እነዚህን እግሮች። ከቀብር ስንመለስ እዚህ ደረጃ ላይ ከዘራውን ሰማሁት፤ ከዚያ ወዲያ እንቢ አሉኝ።

ልሳነወርቅ፦ ለነፍስ አባትሽ ነግረሻል?

ይርገዱ፦ ለማንም። አንተ የመጀመሪያው ነህ። ወንድምህ ነው፤ ስደበኝ፣ ርገመኝ፣ የፈለግከውን አድርገኝ። ምነው ደረጃው ላይ ተቀመጥክ? ተናገር እንጂ!

ልሳነወርቅ፦ ደውሎልኝ ነበር።

ይርገዱ፦ ማን?

ልሳነወርቅ፦ ጋሼ ደጀኔ። ያን ቀን፣ ሁለት ጊዜ። ስሙን አየሁት። «ደግሞ ሊያማርር ነው» ብዬ ድምፁን አጠፋሁት።

ይርገዱ፦ ሰባት ወር ሙሉ ይህን በሆድህ ይዘህ?

ልሳነወርቅ፦ ስልክ በጠራ ቁጥር ደረቴን ጭምድድ ያደርገኛል። ትንፋሽ ያጥረኛል። ሦስት ጊዜ ተመረመርኩ፤ «ልብህ ደህና ነው» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ይርገዱ፦ እኔን በየሐኪም ቤቱ የምታዞረኝ ለዚህ ነዋ!

ልሳነወርቅ፦ አንቺ ብትድኚ እኔንም የሚተወኝ መስሎኝ።

ይርገዱ፦ ሞኝ! ሰው በሰው እግር ይድናል? ተነስ፣ ፊትህን ጥረግ። የእብድ ሐኪሙ ዘንድ እሄድልሃለሁ፤ ቀድመህ የምትገባው ግን አንተ ነህ።