ለሁለቱም የተነሣ እጅ

የቅዳሜ ገበያ ተፈትቶ ሰው ወደየቀዬው ሲበተን፣ አቶ ወልደ ጻድቅ የወገብ ቅባት ገዝተው ከሞላሌ ከተማ ሲወጡ የእህታቸውን ልጅ የምሥራችን መንገድ ላይ አገኟት። የምሥራች በከተማው አስተማሪ ናት፤ እናቷን ልትጠይቅ መሄዷ ነበር። ሰላምታው አልቆ ጎን ለጎን መራመድ ሲጀምሩ አጎቷ እንደ ወትሮው ስለ ገብሱም ስለ በጉም አላወሩም። ግራ የገባው ሰው አካሄዱ ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምን ሆንሁ ብዬ ልንገርሽ? እኔም አላወቅሁት። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ነበረ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመንደሩ የቦኖ ውኃ ሊገባለት ነው። ምንጩ ከተራራው ስለሚመጣ ቧንቧው ከመንደሩ በላይ አፋፉ ላይም፣ ከመንደሩ በታች ሜዳው ላይም መተከል ይችላል፤ መምረጡ የነዋሪው ፈንታ ነው። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ «አፋፉ ላይ ይሁን የምትሉ እጅ አውጡ» ቢል ተሰብሳቢው ሁሉ አወጣ። «ሜዳው ላይ ይሁን የምትሉስ?» ቢል ያው ሁሉ ደግሞ አወጣ። ባለሙያው ሲያያቸው ቆየና፣ በሚመጣው እሑድ እመለሳለሁ፣ ያን ቀንም ካልቆረጣችሁ ቧንቧው ለሌላ ቀበሌ ይሄዳል ብሎ ተነሣ። እሑድ ማለት እንግዲህ ነገ ነው።

«እርስዎስ ለየትኛው አወጡ?»

«ለሁለቱም።»

የምሥራች ቀጥ ብላ ቆመች። «ለምን?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አፋፉ ይሁን ያሉት መሪጌታ አትናቴዎስ ናቸው። ሜዳው ይሁን ያሉት ደግሞ አበ ልጄ ምንዳዬ፣ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሡት። ለአንዱ አውጥቼ ለሌላው እጄን ብሰበስብ ምን እባላለሁ? ሰው ፊት ለፊት አይሆንም ይባላል እንዴ?»

አወይ ይሉኝታ! ውርጭ የማይበግረው የመንዝ ገበሬ፣ ለወዳጁ «አይሆንም» ማለት ሲመጣበት ይረታል። ትሕትና ነው እንዳንል መንደሩን ውኃ ሊያሳጣው ነው፤ ክፋት ነው እንዳንል ደግሞ ከፍቅር የመጣ ነው።

የምሥራች ለዚህ መድኃኒት ያላት መስሏት ስልኳን አወጣችና አዘውትራ የምታየውን የስኬት አሠልጣኝ ከፈተችላቸው። ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ መድረክ ላይ እየተንጎራደደ «አይሆንም ማለትን ልመዱ! ራሳችሁን አስቀድሙ! የማይጠቅማችሁን ሰው ከሕይወታችሁ አስወጡ!» ይላል፤ አዳራሹም ያጨበጭብለታል።

«ምን አድርገውት ነው እንዲህ የሚቆጣው?» አሉ አቶ ወልደ ጻድቅ።

«አልተቆጣም ጋሼ፣ እያስተማረ ነው።»

«ራሴን ካስቀደምሁ፣ ሰዉንም ካስወጣሁ፣ ማን ይቀብረኛል?»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የምሥራችም ይህን ሰው ስታዳምጥ ከርማ፣ ርእሰ መምህሩ ሥራ ሲቆልሉባት አንድ ቀን አይሆንም ብላ አታውቅም። ስልኩን መልሳ ከተተች።

«ጋሼ፣ ሁለት ሰው ለአንድ ቀን እርሻ ወንፈል ቢጠራዎት ለሁለቱም እሺ ይላሉ?»

«እንዴት ተደርጎ! አንዱ በሬውን ጠምዶ እኔን ሲጠብቅ ሊውል?»

«እንግዲያው አንዱን አይሆንም ይሉታል። ይቀየምዎታል?»

«ለምን ይቀየማል? ቀኔ ተይዟል እለዋለሁ፤ ሌላ ሰው ይፈልጋል።»

«ስብሰባውም ያው ነው። ለሁለቱም እጅዎን ሲያወጡ ከሁለቱም ቀሩ። መሪጌታም ጋሽ ምንዳዬም እርስዎን ሲጠብቁ ቧንቧው ሊሄድ ነው።»

አቶ ወልደ ጻድቅ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። «አባቶች ግን ዝም አይነቅዝም ይላሉ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምም ይላሉ።»

ሁለቱም ተረት የአባቶች መሆኑ ይበልጥ አምታታቸው። አባቶችም ለሁለቱም እጅ አውጥተዋል ማለት ነው?

«ለመሆኑ እትዬ ወለተ ማርያምስ ለየትኛው አወጡ?»

ቅባቱ ለእርሳቸው ነው፤ ለሚስታቸው። ከወንዝ ውኃ ተሸክመው ሲወጡ ወድቀው ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ቀና ብለው አያውቁም፤ ዛሬም ወደዚያው ወንዝ ይወርዳሉ።

«እርሷማ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበረች። አወጣች እንጂ።»

«ለየትኛው?»

«እኔ ባወጣሁ ቁጥር።»

ይህን ሲናገሩ ጆሯቸው ሰማው፤ አፈሩም። መገንጠያው ላይ ሲለያዩ አንድ ነገር ቆርጠው ነበር፦ ነገ ለሜዳው ብቻ። ሜዳው ለቤታቸው ይቀርባል፣ ለወለተ ማርያም ይበጃል፣ አበ ልጅም ደስ ይላቸዋል። መቁረጥ እንዲህ ቀላል ከሆነ እስከ ዛሬ ምን ያስጨንቃል ብለው ቀለል ብሏቸው ቤታቸው ገቡ።

ቅባቱን ለሚስታቸው ሰጥተው የቆረጡትን ነገሯቸው። ወይዘሮ ወለተ ማርያም የቅባቱን ክዳን ሲፈቱ ቆይተው «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

«ይኸው እየጠየቅሁሽ።»

«እንግዲያውስ እኔ የምወደው አፋፉን ነው።»

«ይርቅሻል እኮ!»

«ይራቅ። ወደ አፋፉ ባዶ ጀሪካን ይዤ እወጣለሁ፣ ሞልቼ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። ከሜዳው ግን ባዶ ወርጄ ሞልቼ ነው የምወጣው። ወገቤን የሚሰብረው ርቀቱ መሰለህ? አቀበቱ ነው።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተስ መቼ ተናገርህ?»

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ባለሙያው ባለበት ሰው ተሰበሰበ። አቶ ምንዳዬ ስለ ሜዳው አምረው ተናገሩና ወደ አበ ልጃቸው ፈገግ ብለው ተመለከቱ። ያን ጊዜ የአቶ ወልደ ጻድቅ ቀኝ እጅ ከለበሱት የሱፍ ባና ሥር በራሱ ሊነሣ ሲል በግራቸው ያዙት። ከዚያም ተነሡ።

«ባለፈው ለሁለቱም አውጥቼ ሁለቱንም ዋሸኋቸው፤ ይቅር በሉኝ። ዛሬ የምደግፈው አፋፉን ነው። ደግሞም ውኃ የሚሸከሙት ሴቶቹ ናቸው፤ እነሱ ይናገሩ።»

የአቶ ምንዳዬ ፈገግታ ጠፋ። ከኋላ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ተነሥተው ማታ ያሉትን ደገሙት። ሜዳው ዳር የምትኖረው ብርነሽ በበኩሏ «ለእኔስ ሜዳው ነው የሚሻለኝ» ብላ ተከራከረች። ጫጫታ ሆነ፤ ሰው ተቆጣ፣ ተሳሳቀ፣ ደግሞ ተቆጣ። በመጨረሻ ግን እያንዳንዱ እጁን ያወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ አፋፉም አሸነፈ።

ቧንቧው ተተከለ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሸክማቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ይመጣሉ፤ ብርነሽ ዛሬም ታጉረመርማለች፣ ውኃውን ግን ትቀዳለች። ለመንደሩ የተረፈው ትምህርት ይህ ነው፦ የልቡን ደብቆ የሚስማማ ሕዝብ፣ የልቡን ተናግሮ ከሚከራከር ሕዝብ ይልቅ ብዙ ያጣል። ለሁሉም እሺ የሚል ሰው ለማንም አልደረሰም።

አቶ ምንዳዬ ግን ሰላምታ ነፍገው ሰንብተው፣ አንድ ማለዳ ወደ አቶ ወልደ ጻድቅ ደጅ መጡ።

«አበ ልጅ፣ እንቅልፍ ነሡኝ።»

«ስለ ቧንቧው?»

«ቧንቧውስ ይሁን። እስከ ዛሬ እሺ ሲሉኝ የኖሩት ሁሉ፣ እውነት ነበር?»

አቶ ወልደ ጻድቅ «እንዴታ!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት።

«ሁሉስ እውነት አልነበረም» አሉ።

አቶ ምንዳዬ ዱላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያው እውነት ያልነበረውን ይንገሩኝ» አሉ። «ሳልሰማ አልሄድም።»