ከአዳም ጀምሮ ከካቴድራሎች የማያልፍ ትምህርት

በካንሳስ፣ ቅድስት ኦዲሊያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ካቶሊኮች በየግንቦቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰብስበው ያገለገሉ የትምህርት መጻሕፍት ይለዋወጣሉ። ክሎቲልድ ወደዚያ የሄደችው መጽሐፍ ፈልጋ አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንታ ከተመረቀች ሳምንቷ ነበር፤ እናቷ ወንበር ደርድሪ ብላ ላከቻት። ሁለት ረድፍ እንደደረደረች አንዲት ወይዘሮ ክምር መጽሐፍ ላይ አጎንብሰው አየች። የአባቷ እኅት ፊሎሜና ነበሩ።

«አክስቴ፣ እንደምን ዋሉ? ምን አገኙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለትንሹ የልጅ ልጄ ለአንቶን ነዋ! በመስከረም ትምህርት ይጀምራል» አሉና ሽፋኑ ላይ ፒራሚድ ያለበትን መጽሐፍ አሳዩአት።

«እንደገና ግብፅ?»

«ታሪክ ከየት ሊጀመር ኖሯል? ከመጀመሪያው ነዋ! ከአዳም፣ ከኖኅ፣ ከፈርዖን።»

«ታላቅ እኅቱ ጌርትሩድስ?»

«አብራው ትማራለች። በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ሾርባ አልሠራም፤ ሁለት ዓይነት ታሪክም አላስተምር።»

ፊሎሜና በደብሩ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የልጃቸውን የሊዮንን ሦስት ልጆች ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበው ማስተማር ያዙ። ለትምህርት የደረሰ ሕፃን በመጣ ቁጥር ግን ታሪክን ከሥር ይጀምሩታል። ጌርትሩድ ስትጀምር ከአዳም ተነሡ፤ ብሩኖ ሲደርስ ተመለሱ፤ አሁን ደግሞ የአንቶን ተራ ሆነ። ጌርትሩድ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የቀራት አንድ ዓመት ብቻ ሲሆን ከዚያ በኋላ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከባዕድ ጋር ትቀመጣለች።

ክሎቲልድ ትዕግሥት የላትም። ልጅቷን ከወዲያ ማዶ ጠራቻት።

«ጌርቲ፣ ሉተር ማን ነበር?»

«ከመንገዱ ማዶ ያለችው ቤተ ክርስቲያን የሱ ናት።»

«መቼ የኖረ ሰው ነው?»

«ትልልቆቹ ካቴድራሎች ከተሠሩ በኋላ ይመስለኛል።»

«ከካቴድራሎቹ በኋላ ምን አለ?»

«እኛ» አለች።

ፊሎሜና ሳቃቸውን ለመያዝ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ልጅቷ ወደ ጓደኞቿ ስትመለስ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«እሺ፣ አንቺ የተማርሽው፣ አንቶንን ከመሐል ላስገባው? ራስና ጅራቱን ሳያውቅ?»

«አክስቴ፣ በዐቢይ ጾም መሐል የተወለደ ሕፃን መቼ ይጠመቃል?»

«እንደተወለደ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«የቤተ ክርስቲያን ዓመት እንደገና እስኪጀምር አይጠብቅም?»

«አትቀልጂ!»

«አልቀለድኩም። ለእሱ ተብሎ በዓላቱ ወደ ኋላ አይመለሱም። በደረሰበት ይገባል፤ ዓመቱ ዞሮ ሲመጣ ያመለጠውን ያገኛል። ታሪክንም በአራት ዓመት የሚዞር ያድርጉት። መጀመሪያ የጥንቱ፣ ቀጥሎ የመነኮሳቱና የካቴድራሎቹ ዘመን፣ ከዚያ ሉተር የተነሣበት፣ በመጨረሻ የቅድመ አያቶቻችንና የኛ። ቤቱ በሙሉ አንድ ዘመን ውስጥ ይሁን። አንቶን የቅዱሳኑን ታሪክ ይስማ፣ ጌርትሩድ ወፍራሙን መጽሐፍ ታንብብ። ሾርባው አንድ፣ ማንኪያው እንደየልካቸው።»

«ካቴድራሎቹ ጋ ደርሰናል እኮ» አሉ ፊሎሜና ቀስ ብለው።

«ታዲያ ምን መለሳችሁ?»

«ቀጥሎ ያለው ሉተር ነዋ!» አሉ ፊሎሜና፣ መጽሐፉን አስቀምጠው። ክሎቲልድ ነገሩ የገባት ይኼኔ ነው። አክስቷ የተመለሱት ለአንቶን ብለው ብቻ አልነበረም፤ ከአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ደጃፍ ሸሽተው ነው። አንድ ወንበር ሳበችላቸው፤ ተቀመጡ።

«ሊዮንን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ቅዱሳኑን በሙሉ ነገርኩት። በገንዘብ ስለተሸጠው የኃጢአት ይቅርታ፣ በእምነታቸው ምክንያት ስለተቃጠሉት ሰዎች አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ኮሌጅ በገባ በወሩ ከማያውቀው መምህር ሰማ። ለገና መጣና ‹እማዬ፣ ታውቂ ነበር?› አለኝ። ዝም አልኩት። ይኸው እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ ልጆቹን ቤተ ክርስቲያን አድርሶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጌርትሩድንም እንደሱ ልጣት?»

ክሎቲልድም ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። የአክስቷን እጅ ይዛ ተናገረች።

«እኔ እንደሚመስለኝ ሊዮንን ያራቀው ዝምታዎ ነው። ‹የሚወዱኝ ሰዎች ደብቀውብኛል› ብሎ ነው የሄደው። ጌርትሩድም መስማቷ አይቀርም፤ የሚቀራት አንድ ዓመት ነው። ከባዕድ ከምትሰማው ከእርስዎ ትስማው። ባዕድ ጥፋቱን ነግሯት ይሄዳል። እርስዎ ጥፋቱንም፣ በዚያው ዘመን ቤተ ክርስቲያኗን ሊያጠሩ የደከሙትንም ነግረዋት፣ በማግስቱ ቁርስ ላይ አብረዋት ይቀመጣሉ።»

«ብትጠይቀኝስ? መልሱን ሁሉ አላውቅም።»

«አላውቅም ይበሏታ! ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው አንድ ቀን አላውቅም ቢል ምን ይሆናል?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ እንደ አባትሽ ነው» አሉ ፊሎሜና፣ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። ቀጥለውም «ወረቀት አምጪ» አሉ።

የሚመጣውን ዓመት እዚያው አቀዱት። እስከ ገና ሦስተኛው ዘመን፣ ከገና በኋላ አራተኛው ሆነ፤ የጌርትሩድ ጊዜ አጭር ነውና ለሷ ሲባል ይፈጥናል። ጌርትሩድ ከሄደች በኋላ ዙሩ ተመልሶ ግብፅ ሲደርስ አንቶን ሰባት ዓመት ይሞላዋል።

ጥቅሙ ለመታየት አልዘገየም። ሦስቱም ልጆች ለሁሉም አዲስ የሆነ አንድ ዘመን ውስጥ ስለሆኑ እራት ላይ ስለ አንድ ነገር ይከራከራሉ። ብሩኖ የሰማውን ለአንቶን ሲያስረዳ ራሱ ይበልጥ ይገባዋል። አያትየውም አዲስ ልጅ በደረሰ ቁጥር ወደ አዳም መመለስ ቀረላቸው። ታሪክን በተርታ ይዞ እስከ ራሱ ዘመን የሚያደርስ ቤት፣ ልጁን ሲሸኝ የሚደብቀው ነገር አይኖርም።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ ክሎቲልድ ልትጠይቃቸው ሄደች። ጌርትሩድ ያንኑ የተፈራውን ምዕራፍ ጮክ ብላ እያነበበች ነበር። መሐል ላይ አቆመች።

«አያቴ፣ ይህን ያውቁ ነበር?»

በሩ ላይ ሊዮን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ቆሟል፤ ልጆቹን ሊወስድ መጥቶ ነው። ፊሎሜና አዩት። ከዚያም ቀስ ብለው መለሱ፤ ለማን እንደመለሱ ክሎቲልድ አልጠፋትም።

«አውቅ ነበር። የደበቅኩት ፈርቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሊዮን ኮፍያውን አወለቀና ከጌርትሩድ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንብቢ» አላት። «እስኪያልቅ አልሄድም።»