ለነኢማ የወጣ ቅሬ

— ሄሎ… ሄሎ? ማን ልበል?… ሀዲጃ፣ አንቺ ነሽ? ድምፅሽ ምን ሆነ?… ቀስ በይ። እያለቀስሽ ስታወሪ አልሰማሽም።… ማን ሞተች?… ነኢማ?

— አልሞተችም።… አልሞተችም እልሻለሁ፣ ወላሂ። በኦሮምኛም ሂንዱኔ። በየትኛው ቋንቋ ልንገርሽ? ትናንት አመሻሽ ላይ አጠገቧ ነበርኩ። አሁን ደግሞ መኪና ይዛ ልትወስደኝ እየመጣች ነው፣ ደሴ እንሄዳለን።… አዎ፣ በእግሯ የምትሄደዋ ነኢማ። የወንድምሽ ልጅ። ሌላ ነኢማ አለችን እንዴ?

— ማን ነገረሽ?… የባቲ ሰው ሁሉ? ሱብሃነላህ። ትናንት ከሰዓት እዚህ ከሚሴ የጠራሁትን ዛሬ በጠዋት ባቲ ሰምቶታል።… አዎ፣ የጠራሁት እኔ ነኝ።… አዎ፣ እንደ ሞተ ሰው ነው የጠራኋት። አትቆጪኝ፣ አስረዳሻለሁ። አሁን የት ነሽ?… መንገድ ላይ? ከማን ጋር?… ከባልሽ ዘመዶች ጋር፣ ሚኒባስ ሙሉ? እና ሁላችሁም እያለቀሳችሁ ነው?… ሹፌሩም? ኧረ ሹፌሩን ዝም አስብይው፣ ቁልቁለት አለ።

— ነገርኳቸው አልሽ? ጥሩ። እንግዲህ ስሚኝ። ከጀመረበት ካልጀመርኩልሽ አይገባሽም። የጀመረው ከወንድምሽ ነው።… ወንድሜም ነው፣ አውቃለሁ። አንቺ የተዳርሽ ቀን፣ የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ዳሱ ውስጥ። አንቺማ ሙሽራ ነበርሽ፣ ምን ትሰሚያለሽ። ሽማግሌዎቹ «ሙህዲን ድምፅ አለው፣ እንግዳውን ወደ ምግብ ይጥራ» አሉ። ተነሳሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ያን ጊዜ ሙሀመድአሚን፣ የሰንበቴ ገበያ ከብት ነጋዴዎች ግራና ቀኙን ከበውት፣ «እሱ አይጥራ። የሱ አፍ የሬሳ ነው፤ ሥጋው ይቀዘቅዝብናል» አለ። ሳቁ። እኔም እንደተነሳሁ ወጣሁ።

— ቀልድ አይደለም። ቀልድ ቢሆን ማታውን መጥቶ «ስቀልድ ነው» ይለኝ ነበር። የቅሬ ጠሪነት አባታችን ሲሞት የተወልኝ ሥራ ነው። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቼ አገሩን ለቀብር እጠራለሁ። ማንም ከፍሎኝ አያውቅም። እሱ ከብት ይወርሳል፣ እኔ ጉሮሮ እወርሳለሁ፣ ከዚያ ደግሞ በጉሮሮዬ ይሳቅብኛል።… እሺ። እሺ፣ ተውኩት። አልተውኩትም፣ ግን እሺ።

— ነኢማ መታመሟን ታውቂ ነበር?… አንቺንም ስኳር ነው ብሎሻል። ለሁሉም እንደዚያ ነው ያለው። ስኳር ያለበት እሱ ነው። እሷን ያመማት ኩላሊቷ ነው፣ ሁለቱም። በየሳምንቱ ደሴ እየወሰደ ደሟን ያሳጥባል። አንድ ቀን ለሰው ትንፍሽ አላለም። የሙሀመድአሚን ልጅ ተለመነላት እንዳይባል።… ኩራት ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አላልኩም።

— ሄሎ?… ትሰሚኛለሽ? ኔትወርኩ ነው። ዘይና፣ ጋቢውን ነው ያልኩሽ፣ ኮቱን አይደለም። ደሴ ይበርዳል።… ሚስቴን ነው፣ ዘይናን። ሰላም ብላሻለች። እሷም ከትናንት ጀምራ ዓይኗ አልደረቀም።

— ሀኪሙ በመጨረሻ በግልጥ ነገረው። እጥበቱ ማቆያ ነው እንጂ መዳኛ አይደለም፤ የምትድነው ሰው አንድ ኩላሊቱን ሲሰጣት ነው፤ እሱም የሥጋ ዘመድ ካልሆነ አይቀበሉም አለው። እናቷ እንደምታውቂው የለችም። ወንድም እህት የላት። አባቷን ደግሞ ስኳር ያለበት ሰው አይሰጥም ብለው መለሱት። በከብት ቢሆን ኖሮ በረቱን ባዶ ያደርግ ነበር፤ ያንን አልክድም። በከብት አይሆንም። እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ሼህ ሙሀመድኑር ጋ የሄደው፣ የቅሬው ዳኛ ጋ።

— ሼሁ ምን ይላሉ? «ለሞተ የሚወጣ ቅሬ ለታመመ ምን ነክቶት ይቀራል? ዘመዱም ጎረቤቱም ይሰብሰብ» አሉት። አንገራገረና እሺ አለ። ግን በመስጊዱ ማይክ ይነገር አለ። እኔ እንዳልጠራ መሆኑ ነዋ። ነኢማ ናት እንቢ ያለችው። «አጎቴ ይጥራ። የሱን ድምፅ ሰምቶ ቤቱ የሚቀር ሰው የለም» አለች አሉ። ሼሁ መጥተው ይህን ሲነግሩኝ… ምን ልበልሽ። ያቺ ልጅ አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም። አባቷ ሳያይ በጓሮ እየመጣች ለዘይና ቀሚስ የምትሰፋላት እሷ ናት። እንዴት እንቢ እላለሁ?

— ወጣሁ። የጨፋን ሜዳ ቁልቁል የምታሳየዋ ጉብታ ላይ። እየወጣሁ ቃሉን አጠናሁ፣ «ያገሬ ሰው፣ ነኢማ ታማለችና ኑ እንምከር» ልል። ጥሩ ነው አይደል?… ጥሩ ነበር። ግን ይህ አፍ ዕድሜውን ሙሉ ለሞት ሲጠራ የኖረ አፍ ነው። ሌላ ዜማ አያውቅም። እጄን ጆሮዬ ላይ ጫን ሳደርግ ያው የለመደው መጣ። «ቅሬ ሆይ… ኮታ፣ ኑ… ቅሬ ሆይ… የሙሀመድአሚን ልጅ… ነኢማ…» እዚያ ላይ ትንፋሽ ወሰድኩ። ታማለች ልል ነው እኮ። አንቺም አገርሽ ነው፣ ታውቂዋለሽ፤ ቅሬ ሲጠራ ከስሙ በኋላ ያለውን ማን ይሰማል? ስሙን ከሰማ ሰው ሁሉ እየወጣ ነው። እኔ «ታማለች» ስል ማዶው በሙሉ «ወየው» ብሏል። ደግሜ ጮህኩ። በጮህኩ ቁጥር ለቅሶው ባሰበት።

— አትሳቂ።… አይ፣ ሳቂ፣ ሳቂ። ቅድም ከነበርሽበት ይሻላል። ለሰዎቹም ንገሪያቸው።… ሹፌሩ ምን አለ?… አሚን በይልኝ።

— ስወርድ መንገዱን ሰው ሞልቶታል። ሴቶቹ ምንጣፍ ተሸክመው፣ ውሃ በጀሪካን ይዘው። ጎረምሶቹማ አካፋና ዶማቸውን አንስተው በቀጥታ ወደ መቃብር። ለቅሶ ቤቱን እንኳ ሳያዩ። ሰው ልከን ስናስቆማቸው ጉድጓዱን እስከ ጉልበታቸው አድርሰውታል። መልሰው ደፍነውት፣ እግራቸው እንደቆሸሸ መጡ።

— ነኢማማ እንደ ሞተች መለቀሱን ምን ታውቃለች፣ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ትዘመዝማለች። መጀመሪያ የገቡት እማማ አሻ ናቸው። ዓይናቸው እንደምታውቂው ነው፣ ጥላ ካልሆነ አያዩም። ያገኙት ሰው አንገት ላይ ተጠመጠሙና «ልጄ፣ ነኢማ ሄደችብን፣ ያቺ እርጥብ ልጅ ሄደችብን» እያሉ አለቀሱ። የተጠመጠሙት ማን ላይ ነው? ነኢማ ላይ። እሷስ? አቀፈቻቸዋ። ጀርባቸውን እየዳበሰች «አይዞዎት እማማ፣ አላህ ያበርታዎት» አለቻቸው። ግቢው ሙሉ ሰው ቆሞ ያያል። አሮጊቷ ድምፁን አወቁት። ቀና አሉና ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን እየነኩ… ሀዲጃ፣ እዚያ የነበረ ወንድ ሁሉ…

— አለሁ። ጉሮሮዬ ነው። ትናንት ጮኼበት።

— ከዚያማ ነገሩ ሲገባት ሳቀች። ስቃ ስቃ ደከማት፣ ተቀመጠች። «እንኳን መጣችሁ» አለች። «ስሞት ባትመጡም አልቀየማችሁም። የዛሬው ይበቃኛል።» ሰው እንዲህ ሲባል ምን ያደርጋል? የሚስቀውም የሚያለቅሰውም ተደባለቀ።

— ወንድምሽ ያን ጊዜ ከቤት ወጣ። እኔ የግቢውን በር ተደግፌ ቆሜያለሁ። አሁን ያንን «የሬሳ አፍ» ይላል አልኩ በልቤ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይደግመዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ዛሬ እውነት አለው፤ ልጁን በቁሟ አስለቅሼባታለሁ።… አልደገመውም። ሰውን አየ፣ ምንጣፉን አየ፣ የጎረምሶቹን ጭቃ እግር አየ። ደፉ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በኩታው ሸፈነ። ያን ያህል ሰው ይመጣልኛል ብሎ አላሰበም መሰለኝ።… አይ፣ አላዘንኩለትም። ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

— ሼሁ ብልህ ናቸው። «ቅሬ የወጣ ሰው ባዶውን አይገባም፣ ተቀመጡ» አሉ። ለለቅሶ የመጣው ምንጣፍ ተነጠፈ። ዱአ ተደረገ፣ ለመዳኗ። ከዚያ ሀኪሙ ያለውን አንድም ሳያስቀሩ አስረዱ። «አሁን ሥጋዋ የሆነ፣ ልመርመር የሚል ይነሳ» አሉ።

— ማን ተነሳ ትያለሽ? ማንም። አንድ ሰው አልተነሳም። እህል ቢሉት፣ ጉልበት ቢሉት ያገራችን ሰው አይሰስትም። ገላህን ሲሉት ግን ሌላ ነው፤ ሁሉም የእግሩን ጣት ያያል። አልፈርድበትም። ከዚያ አንዱ ቀና አለ፣ ሌላውም ቀና አለ፣ ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ።… ለምን? ቆሜ ነበራ። ሕዝቡ ሲቀመጥ እኔ አልተቀመጥኩም። በሱ ግቢ አልቀመጥም ብዬ እኮ ነው በሩን ተደግፌ የቀረሁት። ሼሁ ይህን መች ያውቃሉ። «ሙህዲን ቆሟል፣ አላህ ይቀበልህ» አሉ። ሕዝቡ አሚን አለ።

— አይ፣ ይቻል ነበር። መቀመጥ ይቻል ነበር። «ለዚህ አይደለም የቆምኩት» ማለትም ይቻል ነበር። ነኢማ ከበረንዳው አየችኝ። እሷ ለምን እንደቆምኩ ታውቃለች፤ ከሕዝቡ መሃል የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በእጇ ቀስ አድርጋ ወደ መሬት አሳየችኝ። ተቀመጥ አጎቴ፣ ግድ የለም ማለቷ ነው። እንዲህ ታማ ለኔ ሐፍረት ታስባለች።… ምን አደርጋለሁ። አልተቀመጥኩም።

— ከዚያማ ተነሱ። የአጎታችን ልጅ ሳዳም ተነሳ። ከውሰር ልጇን ለጎረቤት አቀብላ ተነሳች። ከጨፋ የመጡት የእናታችን ወገኖችም ተነሱ። ሥጋዋ ያልሆነው ደግሞ እኔ ምን ላድርግ ይላል፤ አንዱ መኪናዬን ውሰዱ አለ፣ ሴቶቹ ኩላሊቱ ሲተካላት አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ለማስታመም ተራ ተካፈሉ። ሲመሽ ሰው አልሄድም አለ። ለቅሶ ቤት ነው እንዴ ብለን በግድ አሰናበትን።

— አሁን ዋናውን ስሚ። ከሚሴ አትምጪ። ኮምቦልቻ ላይ ጠብቂን፣ እኛ በዚያው እናልፋለን።… ለምን ትያለሽ እንዴ? አንቺስ አክስቷ አይደለሽም?… የወለደችም ትመረመራለች፣ ሀኪሞቹ ይወስኑ። ዛሬ ምን በልተሻል?… ውሃ እንኳ? እንደዚያው ሁኚ፤ ሳይበሉ ነው ለምርመራ ደም የሚሰጠው። ለቅሶው ጠቀመሽ።… ሰዎቹን? ይዘሻቸው ነይ እንጂ። ትያቸው፣ ትሳቅባቸው። ለሷ የለበሱትን ጥቁር ትይላቸው።

— እፈራለሁ እንጂ። የማልፈራ መሰለሽ? መርፌ ሳይ የምሸሽ ሰውዬ ነኝ። ሌሊቱን ጎኔን ስዳብስ ነው ያደርኩት፣ በየትኛው በኩል ይሆን እያልኩ። ዘይና ደግሞ አብራ ትዳብሰኛለች። የኔ ባይሆን ያንቺ ይሆናል፣ ያንቺ ባይሆን የሳዳም። ኢንሻአላህ ከአንዳችን አይጠፋም።

— መኪናው መጣ። ጡሩምባውን ትሰሚያለሽ?… ቆይማ። ሰው ገባ።

— ቀስ ብዬ ላውራ። እሱ ነው።… ወንድምሽ። ደፉ ላይ ጫማውን አውልቆ ቆሟል። እዚህ ቤት ከገባ… አላስታውስም። አርጅቷል። በሩቅ ሳየው እንዲህ አይመስለኝም ነበር።

— ሰማሽ?… አልሰማሽም፣ ዝግ ብሎ ነው የተናገረው። «የበላኸው ነገር የለም አይደል?» አለኝ። በቃ። ይህችን ብቻ። ስንቴ ልጁን ይዞ ተመላልሶበታል፣ ሕጉን ያውቃል።… ምን ልመልስ? አንቺ «አልበላሁም በለው» ትያለሽ፣ ላንቺ ቀላል ነው።… ቂም ነው፣ አዎ። ኩላሊቴን እሰጣታለሁ፣ አላህ ካለ። ከሱ ጋር ወሬ መጀመር ግን ሌላ ነገር ነው።

— አሁንም ቆሟል። መልሴን እየጠበቀ ነው። ጋቢዬን ከዘይና እጅ ተቀበላት።… ይያዘው።

— ነኢማ በመኪናው መስኮት ብቅ ብላለች፤ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእጇ መታ መታ ታደርጋለች። ለኔ ይዛዋለች።… አይ፣ አልመለስኩለትም። አልፌው ወጣሁ።… አዎ፣ ከኋላዬ እየመጣ ነው። ኮምቦልቻ፣ እሺ? ልዝጋው።