ቫልቬ ዝም ያለ ጠዋት

አባቴ ስለ ሽፈራው «ሃለኮ መድኃኒት ነው፣ ብሉ» ማለት ያዘወትር ነበር፤ እኔም አምኜ ነው የኖርኩት። ልቤ ውስጥ የብረት ቫልቭ ሲገባልኝ ሐኪሙ «ጎመን አታብዛ፣ የደም ማቅጠኛውን ክኒን ያደክምብሃል» አለኝ። ጎመኑን እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ጾሙ ሲገባ ግን ጠዋት ማታ ምግቤ የዱቄት ድብልብሉ ኩርኩፋ በሃለኮ ሆነ። አንድ ቀን ማለዳ ልጸልይ ብቆም፣ ሌላ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ሲል የምሰማው ቫልቭ ድምፁ የለም። ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ አዳመጥኩ፤ የለም። «አቤቱ ማረኝ» ልል ብዬ ትንፋሼ መሀል ላይ ተቆረጠ።

በባጃጅ ሐኪም ቤት ደረስኩና እንደ ሰው ሁሉ ተራ ይዤ ተቀመጥኩ። ላብ ያጠምቀኛል። አጠገቤ የነበሩ ከጫኖ የመጡ አንዲት የማላውቃቸው እናት «ምነው ደረትህን ያዝክ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ምን በላህ?»

«ጎመን በአፌ አልዞረም እናቴ፤ ሃለኮ ብቻ ነው።»

«ሃለኮስ ያው እንደ ጎመን ቅጠል አይደል እንዴ!»

ክንዴን ይዘው ጎትተው እያስነሱኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ተነስ ልጄ፣ ተራ አትጠብቅ! የባለቤቴም ቫልቭ ዝም ያለ ቀን ‹ሰው አንቅደም› ብሎኝ እዚሁ ወንበር ላይ ነው የቀረው።»